በስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት

ስመኝ ኮምቦልቻ ባለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ፓተርን፣ ማለትም የልብስ ቅድ፣ በወረቀት ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ልብሱ ገና ሳይሰፋ በስክሪን ላይ ለሰው ምስል አስለብሶ የሚያሳየው አዲሱ የዲዛይን ሶፍትዌር ሲገባ ግን የመጠቀሚያ ፈቃዱ ለአንድ ሰው ብቻ ነበርና ለሥራ ባልደረባዋ ለዊዳድ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የዊዳድ ሳቅ እንኳ ያንገበግባት ጀመር።

«ስመኝዬ፣ ወላሂ ያምራል፣ ነይ እይው» ስትላት፣ «ላንቺ ይመችሽ» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ባለፈው ሰሞን ዊዳድ በሜትር ስትለካት እንኳ እየተነጫነጨች ነበር የቆመችላት።

ዛሬ ዊዳድ ለሶላት ስትወጣ ስመኝ ስክሪኑን ሰረቅ አድርጋ አየች። አንዲት ሴት ቀይ ቀሚስ ለብሳ ትራመዳለች። ቀኝ ትከሻዋ ወረድ፣ ወገቧ ሰፋ ያለ ነው፤ ራሷ ስመኝ ናት። ቀሚሱ ልክክ ብሎላታል። ስመኝ አንገትጌው የነተበ ጋውኗን ቁልቁል አየች፤ አሁን ደግሞ በዚያችኛዋ ስመኝ ቀናች።