የአውራ ጣቴ ጥላሸት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለፓስተሩም አልነገርኩም። ለምስክርነት ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ስለ መጠጤ ተናግሬአለሁ፣ ከወንድሜ ጋር ስለ መጣላቴ ተናግሬ ምእመኑን አስለቅሻለሁ። የጋሽ ወዳጆን ዓይን ግን አንድም ቀን አላነሣሁም። እስቲ አንተ ስማኝ፤ ብቻ መሐል ላይ እንዳታዝንልኝ።

እኔ ሚዛን አማን ላይ አናጺ ነኝ። አልጋና ቁም ሳጥን እሠራለሁ፤ የጠመንጃ እንጨት ሲሰበርባቸው ደግሞ ከሸዋ ቤንችም ከጌጫም ወደ እኔ ይመጣሉ። ይህ ሥራ እንደ አልጋ አይደለም። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ሲተኛ በሁሉም በኩል እኩል መንካት አለበት፤ አለዚያ ሲተኮስ ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ ያርፍና እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። መንካቱን የምናውቀው በኩራዝ ጥላሸት ነው። ብረቱን ጥላሸት ትቀባና እንጨቱ ላይ አስተኝተህ ታነሣዋለህ። የነካው ቦታ ይጠቁራል። የጠቆረውን በመሮ ትፍቅና ደግመህ ታስተኛለህ፤ ሁሉም እኩል እስኪጠቁር ድረስ እንዲሁ ነው። ሲያልቅ ባለቤቱን ጠርተህ ጥቁሩን ታሳየዋለህ፤ ብሎኑ የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራውን ያስተማረኝ አባቴ ባለቤቱ ሳያይ ዘግቶ አያውቅም።

ጋሽ ወዳጆ በፈቃድ የያዙትን ከባድ ጠመንጃ እንጨቱ ተሰብሮባቸው ይዘውልኝ የመጡት ክረምት ላይ ነው፤ አሁን ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከርከሮ ጎደሬያቸውን እየገለበጠ ሊጨርሰው ነበር። «ልጆቼ የሚበሉት ጎደሬውን ነው፤ ለቅዳሜ አድርስልኝ» አሉኝ። እኔም «ምን ችግር አለ» አልኳቸው። አፌ ከእጄ ይፈጥናል።

አዲሱን እንጨት የምሠራበት ዋንዛ አልደረቀም ነበር። በሚዛን ክረምት ምን ይደርቃል? ከምድጃው በላይ፣ ቆጡ ላይ ገና መክረም ነበረበት፤ ይህን አውቅ ነበር። ማታ ያስተካከልኩት ጠዋት ተጣሞ ይጠብቀኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ፈቀፈቅኩት። ከፊት ነካ፣ ከጎንና ከጎን ነካ፤ ከኋላ ያለው ጥልቁ መቀመጫ፣ የተኩሱን ጉልበት የሚቀበለው ዋናው ቦታ፣ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሽ ወዳጆ በሩ ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

ያኔ ነው ያደረግኩት። አውራ ጣቴን ጥላሸቱ ውስጥ ነክሬ ነጩን ቦታ ቀባሁት። ብረቱ አይደለም ያጠቆረው፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ አጎንብሰው አዩና «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

«ሳምንት ይታገሡኝ» ብል ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ናት። ማን ይቆጣኝ ነበር? አፍሬ ነው እንዳልል፣ ማፈር የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ቀጠሮ አያከብርም እንዳልባል ብዬ ነው። ለስሜ ብዬ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መጣ። ቃታውን በሳቡበት የመጀመሪያው ተኩስ እንጨቱ ከመያዣው ላይ ተሰንጥቆ፣ ብረቱ ወደ ኋላ መጥቶ ቀኝ ዓይናቸውን መታቸው። ዓይናቸው አልተረፈም።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ ነው የሄድኩት፤ ጉዴን ታያለህ? ባለቤታቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «ዕቃህን በደንብ ያዝ ብለው መቼ ይሰማኛል» እያሉ ያለቅሳሉ። ጋሽ ወዳጆ ሁለቱም ዓይናቸው ታስሮ ስለነበር በድምፄ ለዩኝና እጄን ያዙ። «አንድ ቀን ጠመንጃውን ደጅ ረስቼው ዝናብ መታው። የለፋህበትን ሥራ አበላሸሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «ግድ የለም ጋሼ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ዓይናቸውን ማጥፋቴ ሳያንስ ይቅር ባይ ሆኜ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚያውቀው ዝናቡን ነው፤ ጋሽ ወዳጆ በገዛ እጃቸው ዓይናቸውን ያጡ ሰው ሆነው ቀሩ። ጠመንጃውን ሸጡት። ጎደሬውንም ተዉት።

የተሰነጠቀውን እንጨት «ለማገዶ ይሁንህ» ብለው ላኩልኝ። አገላብጬ አየሁት። ሌላው ጥቁር በብረቱ ተፍቆ ለስልሷል፤ ከኋላ ባለው ላይ ግን የአውራ ጣቴ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ብረቱ እዚያ ቦታ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ያጠፋው ነበር። ስንት ጊዜ ምድጃው አጠገብ ወስጄዋለሁ፤ ማቃጠሉም አቃተኝ፣ መናገሩም አቃተኝ።

ገበያ ላይ እንገናኛለን። በቀኛቸው በኩል የሚያልፈውን ሰው አያዩም። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀኛቸው በኩል ሳልፍ ኖሬያለሁ።

ነገ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው። እንጨቱን በጆንያ ጠቅልዬዋለሁ፤ በግራቸው በኩል እመጣለሁ። ባለቤታቸውም እንዲሰሙ ሁለቱን አንድ ላይ አቁሜ፣ ጣቴን እዚያች ጥቁር ላይ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ ግን አልልም። እሳቸው አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቀውኝ ተቀብያለሁ፣ ዕዳው የራሴ ሆኖ ሳለ።