ያልተመታው ቆዳ

አያ አራጌ ከበሮ ሠሪ ነበሩ። ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀው ዋንዛ እየፈለፈሉ፣ የበሬ ቆዳ እየፋቁ፣ በጠፍር እየወጠሩ ለአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ያበጁ ነበር። እኔ የዚያው ቀበሌ መምህር ነበርኩ፤ የማይመለከተኝን መጠየቅ ደግሞ የቆየ አመሌ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ሰውዬው የሠሩትን ከበሮ አንድ ጊዜ እንኳ መትተው አለመሞከራቸው ነበር። «የመጀመሪያው ምት የቤተ ክርስቲያን ነው» ይላሉ።

በ1978 ዓ.ም. በቅበላ ሰሞን ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አንድ ከበሮ አስረከቡ። ወዲያው ጾሙ ገባ። በዐቢይ ጾም ከበሮ ስለማይመታ አዲሱ ከበሮ እስከ ትንሣኤ ዕቃ ቤት ተቀመጠ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ የአያ አራጌ ሰላም የጠፋው ያን ጊዜ ነው። ከከበሮው ሁለት አፎች የትንሹን ቆዳ ሲፍቁ ቢላዋው በአንድ በኩል ጠለቅ ያለባቸው መሰላቸው። መሰላቸው እንጂ እርግጠኛ አልነበሩም። ቆዳው ሳስቶ ከሆነ በበዓሉ መሀል ይቀደዳል። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ሠላሳ ዓመት ሲመሰገን ለኖረ ሰው ጉድለቱን ማውራት ቀላል አይደለም።

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አድማሴ መጣ። የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ተቃርቦ ነበር፤ ያን ዓመት ከጸሎተ ሐሙስ ጋር ገጥሟል።

«ለሰልፉ አዲሱ ከበሮ ይውጣልን» አለ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪጌታ ኃይለ ማርያም ጨነቃቸው። እሺ ቢሉ ጾሙ፣ እንቢ ቢሉ እስር ቤቱ። «ጾም ነው እኮ፣ አድማሴ» አሉ።

«አብዮት አይጾምም፣ መሪጌታ።»

አያ አራጌን አየኋቸው። ዝም ቢሉ ከበሮው ወጥቶ ይመታል፤ ስንት ሳምንት የበላቸው ጥርጣሬም በአንድ ቀን ይለይለታል። ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ከበሮ በሰሙነ ሕማማት ለሰልፍ ሊደበደብ ነው። ከሕዝቡ መሀል ወጡ።

«ሊቀ መንበር፣ ያ ከበሮ አይሆናችሁም። ቆዳውን ሳላበላሸው አልቀረሁም። ሰልፉ መሀል ቢቀደድ ታፍራላችሁ።»

ሰዉ ተንሾካሾከ። አድማሴ ሳቀ። «ለእግዜርዎ የተበላሸ ሰጡት? እንግዲያው እኛ በርሜል እንመታለን» ብሎ ሄደ። አያ አራጌ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ከበሮውን ከመሪጌታ ተቀብለው ቤታቸው ወሰዱት። እኔም ተከተልኩ። ጠፍሩን ፈቱና የትንሹን አፍ ቆዳ ገፈፉ፤ ሌላ ቆዳ ነክረው ሲፍቁ ሰነበቱ።

አላስችል አለኝ። «አያ አራጌ፣ ከመፍታትዎ በፊት በጣትዎ እንኳ ሞክረውት ቢሆንስ? ደህና ሊሆን ይችል ነበር።»

«ሳይሆን አይቀርም» አሉ፣ ፈገግ ብለው።

«ታዲያ በከንቱ ለፉ፤ በከንቱም ተዋረዱ።»

ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «አንተ መምህር፣ ለእንግዳ እንኳ ‹ደህና ሳይሆን አይቀርም› ተብሎ ወጥ አይቀርብም። ለፈጣሪ ላቅርብ?»

እኔም የቆዳውን ጫፍ ያዝኩላቸው።

በትንሣኤ ከበሮው ሳይቀደድ ዋለ። ስለ መጀመሪያው ቆዳ ግን እሳቸውም አላወቁ፣ እኔም አላወቅሁ። እኔን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እሳቸው ግን ከበሮው ሲመታ፣ በዚያው ባፈሩበት ሕዝብ ፊት ቆመው ከሴቶቹ እኩል እልል አሉ።