በሐምሌ የተቆረጠው ቀርከሃ

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም ካቻምና በሐምሌ፣ የአቦ ዕለት ማግስት፣ እህቴን ልቀብር ዳንግላ ወርጄ በቆየሁባቸው አራት ቀናት ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም። እንጅባራ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የማያውቀውም ምንም አይቀርበትም።

ነገሩ የቀርከሃ ነገር ነው። «ሰው በቀርከሃ ቂም ይይዛል?» ያሉኝ አሉ። ይይዛል። እኔ ይዣለሁ።

ባሌ ሲሞት ሽማግሌዎች ርስቱን ለሁለት ከፈሉት። አስፋልቱን የሚነካው ሜዳ ለወንድምየው፣ ከሜዳው በታች ያለው የቀርከሃ ቦታና ምንጩ ለእኔ ደረሰ። ሰው ሁሉ ተታለለች አለ። እኔ ግን ዋጋውን አውቅ ነበር። አማቴ ያንን ቀርከሃ እንዴት አድርጎ እንደያዘው ከሙሽርነቴ ጀምሮ ሳይ ኖሬያለሁ። በክረምት እሱ ራሱ እንኳ ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። ቡቃያው መሬቱን ሰንጥቆ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው፤ እንደ ጥጃ ቀንድ ብቅ ያለውን ጫፍ አንዴ ከረገጡት አይነሳም። የሚቆረጠው ኅዳር ከገባ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ሦስት ክረምት ያለፈበት ብቻ። የዓመቱ ልጅ ለምለም፣ ለስላሳ፣ ዓይን የሚስብ ነው። የበሰለው ግን መልኩ ይጠወልጋል፣ ግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ያበቅላል፣ በጣት ሲያንኳኩት ድምፁ ጥርት ይላል። የሚቆረጠው መልከ ጥፉው ነው። ይህንን በድሮዋ ቆሰበር፣ በዛሬዋ እንጅባራ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። የባሌ ወንድምም ያውቃል፤ አባቱ ሲያስተምረው እኔ እዚያው ነበርኩ።

እሱ በሜዳው ላይ ሆቴል ሠራ፣ ወጥ ቤቱን እኔ ያዝኩለት። ዘጠኝ ዓመት ያዝኩለት። ደሞዜ ምን ያህል እንደነበረ እዚህ አላነሳም። ወጥ ቤቱ ግን የእኔ ነበር፤ ያለ እኔ ፈቃድ ማንኪያ አይወጣም ነበር፣ የሚጣልም ነገር አልነበረም።

ካቻምና በሰኔ መጨረሻ ከባሕር ዳር አንዲት ባለሙያ መጣች። ሆቴሎችንና ምግብ ቤቶችን እየዞረች አካባቢን የማይጎዱትን የምትመዘግብ ናት፤ የተመረጠው «አረንጓዴ ሆቴል» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ትጽፋለች፣ ቀና ብላ ትጠይቃለች።

«ሆቴላችሁ የአየር ንብረት ግብ አለው?» አለችው።

«አለን፣ አለን» አለና ወደ እኔ ዞረ፤ ግቡ ድስቴ ውስጥ ያለ ይመስል።

«እማማ፣ የምግብ ትራፊውን ምን ታደርጉታላችሁ?» አለች ወደ እኔ ጠጋ ብላ።

«ትራፊ የለንም።»

«እንዴት አይኖራችሁም?»

የድንች ልጣጩ ለላሞች እንደሚሄድ፣ ያደረው እንጀራ ድርቆሽ እንደሚሆን፣ አመዱና የጎመን ግንዱ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ለመደቡ እንደሚመለስ፣ ሳሙና ያልነካው የእጥበት ውሃ ቲማቲሙ ላይ እንደሚፈስ ነገርኳት። ሁሉንም ጻፈች።

«ይህን ሁሉ ማን አስተማራችሁ?»

«ማጣት» አልኳት።

ልጅቷ ሳቀች። እሱ ግን ከኋላዬ ሆኖ «ሥልጠና ሰጥተናቸው ነው» አለ። እሷም ጻፈችው። እኔን ያሠለጠነኝ! እኔ እኮ አፍንጫውን እየጠረግሁ ያሳደግሁት ሰው ነው።

ባለሙያዋ ከመሄዷ በፊት፣ ለቤት ማስዋቢያ በአካባቢው የሚገኝና ቶሎ የሚተካ ነገር መጠቀም እንደሚያስመሰግን ነገረችው። በማግስቱ ወጥ ቤት ገባ።

«እትዬ፣ የአዳራሹን ኮርኒስ በቀርከሃ ላለብሰው ነው።»

«አልብሰው። ኅዳር ይግባ።»

«ወረቀቱን የሚሰጠው ኮሚቴ የሚመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው።»

«እንግዲያው ከሚሸጡት ግዛ። የደረቀ አላቸው።»

«የደረቀውማ ቢጫ ነው። እኔ የምፈልገው ለምለሙን ነው፤ አረንጓዴ ሆቴል እያልን ቢጫ ልንሰቅል ነው?»

«ለምለሙ ልጅ ነው። የዓመት ልጅ አይቆረጥም፤ አባትህ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ።»

«አይ እትዬ! እርስዎ እኮ ቀርከሃውን ክርስትና ሊያስነሱት ምንም አልቀረዎት!»

ሽንኩርት የምትከትፈዋ ልጅም አብራው ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «በክረምት እዚያ ቦታ እግር አይገባም» አልኩት፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

በሳምንቱ የእህቴ መርዶ መጣ። ዳንግላ ወረድኩ፣ ቀበርኳት፣ ሣልስቷን አውጥቼ በአምስተኛው ቀን ተመለስኩ። ባጃጁ ቤቴ በር ላይ አወረደኝ። ከበሬ ሆኜ ታች ያለው ምንጭ ታየኝ። ሠላሳ ዓመት ከዚያ በር ላይ ቆሜ ምንጩን አይቼው አላውቅም፤ የሚጋርደው ቀርከሃ ነበር።

ጥቁር ልብሴን ሳልቀይር ወረድኩ። የቆረጡት ለምለም ለምለሙን መርጠው ነው። ወደ ልጆቹ ለመድረስ ደግሞ መንገድ የዘጋባቸውን የበሰለውን ጥለው፣ እዚያው ጭቃ ላይ ትተውታል። ቡቃያው እንዳለ ተረግጧል። አንዳንዱን ለመዝናናት በቆንጨራ እየመቱት አልፈዋል፤ ነጩ ልብ ተከፍቶ ዝናብ ይወርድበታል። ከላይ የወረደው አፈር ምንጩ ውስጥ ገብቶ ውሃው ቡና መስሏል።

አንዲት ጎረቤቴ ጀሪካን ይዛ ውሃው እስኪጠራ ቆማ አገኘኋት። ይህች ሴት ከዚያ በፊት በነሐሴ ወር የማድ ቤቷ ጣሪያ ቢያፈስባት ሁለት ቀርከሃ ለምናኝ፣ ክረምት ነው ብዬ የመለስኳት ናት። ነፍስ ይማር አለችኝ። ከዚያ፣

«አንቺ ግን ለእኔ ሁለቷን ከልክለሽኝ» አለች።

«እኔ አይደለሁም።»

«ቆራጮቹን ጠየቅናቸው እኮ። ባለቤቷ ከዳንግላ በስልክ ፈቅዳለች ተብለን ነው አሉን።»

«ማን ነው ያላቸው?»

«ማን ይሆናል?» አለችና በአገጯ ወደ ሆቴሉ አሳየችኝ። «ለዘመድ ሲሆን ክረምቱም በጋ ይሆናል ማለት ነው።»

መቁረጡን አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። ይህንን ግን አልረሳም። በዚያ ሰፈር እኔ ሌላ ሀብት የለኝም፤ «ቃሏ አይታጠፍም» የምባል ሴት ነኝ። ልጆቻቸውን ከቡቃያው ሳባርር፣ መሶብ ሰፊዎችን ስመልስ የኖርኩት፣ ለማንም አድልቼ ስለማላውቅ ነው። አሁን በቀብር ላይ ቆሜ በስልክ የማደላ ሆንኩ።

ሄጄ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ ሐዘን ላይ ስለነበሩ ላስቸግርዎ አልፈለግሁም» አለኝ። «ደግሞ ቀርከሃ ነው፤ ይበቅላል።»

ያን ዕለት ጥለሽው ለምን አልወጣሽም የሚሉኝ አሉ። የምሄድበት አልነበረኝም። ከዚህ በላይ አላብራራም።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ኮሚቴው መጣ። ዋዜማውን ከሰሉን ደብቁ ተባልን። ከአዲስ ቅዳም ከተማ የምናመጣው ከሰል ነው። ገበሬው ዲከረንስ የሚለውን ዛፍ ተክሎ፣ አሳድጎ፣ ቆርጦ ያከስለዋል፤ በቦታው መልሶ ይተክላል። ጭስ የለውም አልልም። ግን የተቆረጠው የሚተካበት፣ ቆራጩ ራሱ ተካይ የሆነበት እሱ ነበር። የባሌ ወንድም ሊያሳይ የሚገባውን ደበቀ፣ የሚያሳፍረውን ጣሪያ ላይ ሰቀለ። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ውሃ በየሰው ሁለት ሁለት ተደርድሯል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ከአዳራሹ ጀርባ እየጮኸ ስለነበር፣ ስለ አየር ንብረት የተናገረውን ግማሹ ሰው አልሰማውም። እኔ የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ «ይህ ቀርከሃ ከቤተሰባችን ይዞታ፣ የአባቶቻችንን ሥርዓት ጠብቀን ያመረትነው ነው» አለ። እኔንም የሐበሻ ቀሚስ አስለብሰው ከጎኑ አቁመውኛል። አጨበጨቡ። ባለሙያዋ ፈገግ አለችልኝ። ዝም አልኩ። ለዚያ ዝምታዬ ራሴንም ይቅር አላልኩም።

አምና በጥር ጣሪያው መርገፍ ጀመረ። በክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ስኳሩን እንደያዘ ነው፤ ነቀዝ ይገባበታል። መጀመሪያ ማለዳ ማለዳ ጠረጴዛው ላይ በሶ የመሰለ ዱቄት እናገኝ ነበር። እንጠርጋለን፣ ለምሳ ደግሞ ይኖራል። አንድ ቀን ከባንክ የመጡ እንግዶች ምሳ ሲበሉ አንደኛው ሽሮውን ገፍቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለ። የባሌ ወንድም ሳህኑን አንሥቶ ወጥ ቤት መጣ፣ በአብሳዮቹ ሁሉ ፊት።

«እትዬ፣ ዕድሜ ከተጫነዎት ይንገሩን እንጂ! ይህ ንጽሕና ነው?»

ሳህኑን ተቀበልኩት። መጥረጊያውን ይዤ ወደ አዳራሹ ወጣሁ፣ እሱም ተከተለኝ። እሱ በቆመበት ትይዩ ኮርኒሱን በመጥረጊያው እጀታ ሁለት ጊዜ መታሁት። ዱቄቱ ኮቱ ላይ ወረደ። ትከሻው፣ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ ላይ።

«ወጥ ቤቴ ንጹሕ ነው» አልኩት። «ይህ የሐምሌ ሥራህ ነው።»

ከባንክ የመጣው ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። የባሌ ወንድም ኮቱን እያራገፈ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ግን የተባይ መርዝ የሚረጭ ሰው አመጣና፣ ዳቦው በቅርጫት እንዳለ፣ አዳራሹን አስረጨው። አረንጓዴ ሆቴል የሚለው ወረቀት በመስታወት ተከድኖ ግድግዳው ላይ ስለነበር እሱን መርዙ አልነካውም። ዳቦውን ሰብስቤ ጣልኩት። በዘጠኝ ዓመት ከዚያ ወጥ ቤት የጣልኩት ምግብ እሱ ብቻ ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የባሌ ወንድም ካሳ ልስጥ አለ። ካሳ አልጠየቅሁም። «አንድ ነገር ብቻ ይበል» አልኳቸው። «በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ እሷ አልፈቀደችም፣ በስሟ የዋሸሁ እኔ ነኝ ይበል።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እሱ ዞረው «ይህማ ቀላል ነው ልጄ» አሉት።

«አልችልም አባቴ» አለ። «ኮሚቴው ዘንድሮ ወረቀቱን ሊያድስ ይመጣል። እድር ውስጥ የተባለ ነገር ባሕር ዳር ለመድረስ አንድ ቀን ነው የሚፈጅበት።»

«ስለዚህ የእሷ ስም ይበላሽ?»

«እትዬን እኮ ሰው ያውቃቸዋል፤ ምን ይሆናሉ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ቆሙ። እኔም ቆምኩ።

በነሐሴ ያችው ባለሙያ መጣች። ስለ ወረቀቱ ማደስ ሲነጋገሩ ሻይ ይዤ ገባሁ። ቀርከሃው የበቀለበትን ቦታ ማየት እንደምትፈልግ ስትነግረው ደረስኩ። «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጫማሽ ይበላሻል» ይላታል። ሻዩን አስቀመጥኩና ሽርጤን ፈታሁ።

«የእኔን ቦቲ አድርጊ» አልኳት። «እኔ አወርድሻለሁ።»

«እትዬ፣ እንግዶች ምሳ ይጠብቃሉ» አለ።

«ይጠብቁ።»

ወረድን። ጉቶዎቹን አሳየኋት፤ የቆራጮቹ ቆንጨራ የት የት እንዳረፈ፣ የትኛው የዓመት ልጅ እንደነበረ፣ የትኛው እናት እንደነበረች። የዚያን ክረምት ቡቃያ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የበቀለውም ከአመልካች ጣቴ አይወፍርም። ልጅቷ ዝናቡ ላይ ጎንበስ ብላ አንዱን ጉቶ በጣቷ ነካችው።

«እማማ፣ ባለፈው በሥርዓት የተቆረጠ ነው ሲል አጠገቡ ነበሩ እኮ።»

«ነበርኩ። አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን ጻፊ፤ እኔ አልፈቀድኩም።»

ጻፈች። አነበበችልኝ፣ ፈረምኩበት። ጎረቤቴም ምንጩ ዳር ልብስ ታጥብ ነበር፤ ጠርቼ በፊቷ ደግሜ አስነበብኩት። ስንመለስ የባሌ ወንድም በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። በአጠገቡ አልፌ ወጥ ቤቴ ገባሁ።

ወረቀቱን እንዳላደሱለት ሰምቻለሁ። የወጥ ቤቱን ቁልፍ በዚያው ሳምንት ለሽንኩርት ከታፊዋ ሰጠሁ። የቀርከሃውን ቦታ በአጥር አስከበብኩትና ጥበቃውን ለጎረቤቴ ተውኩላት። ዳንግላ ወርጄ፣ ውርሱ አልቆ በደረሰኝ በእህቴ ቤት ስድስት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ከፈትኩ። ዘንድሮ በጥር የባሌ ወንድም ልጁን ሲድር ሁለት ሰው ልኮ ጠራኝ። አልሄድኩም።