ግድግዳችን ላይ የነበረችው ተስፋይቱ ምድር

እንዳትስቁብኝ እንጂ እኔም አሜን ብያለሁ።

በኮሮና ምክንያት ከቤት እንዳትወጡ የተባለበት የሎክዳውኑ ጊዜ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ያለው፣ እዚያ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቃችን ተዘጋና እኔ፣ የሱቅ ባልደረባዬ ታምራትና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ማርቆስ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ሦስት ፍራሽ አንጥፈን ከተትን። ሥራችን መብላትና መተኛት ሆነ። መጀመሪያ ቺፕሱን፣ ቀጥሎ ብስኩቱን፣ ከዚያ የቆርቆሮ ዓሣውን፣ ብቻ ለሽያጭ ያመጣነውን ሁሉ ድምጥማጡን አጠፋነው።

ግድግዳው ላይ ጀርሚስተን ከተማ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛኋት ሥዕል ነበረች። ጣራው በዳቦ የተከደነ ቤት አለ፤ የተጠበሰ ዶሮ በገዛ እግሩ ይመጣል፤ ሦስት ወፍራም ሰዎች ዛፍ ሥር ተጋድመዋል። ጋሽ ማርቆስ ገና ሲያዩዋት «ተስፋይቱ ምድር!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ለሥዕል እንደማንጸልይ አስረግጠው ይነግሩንና ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ፣ እዚህች አገር አስገባን» ይላሉ። እኛ «አሜን!» እንላለን። የእኔ ከሁሉም ይጮኻል።

አንድ እሑድ በስልክ በቪዲዮ ስንጸልይ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የጉባኤያችን ወንድም ሥዕሏን ከኋላችን አያትና ሳቁ አመለጠው።

«ወንድሞቼ፣ ይህቺ እኮ ድሮ አውሮፓ ውስጥ በሰነፍና በሆዳም ለመሳለቅ የታተመች ናት!»

እኔ አሜኔን እንዴት እንደምመልሰው ጨነቀኝ። ጋሽ ማርቆስ ሥዕሏን አዩ። ከዚያ ተጋድሞ የሚያላምጠውን ታምራትን፣ ከዚያ የእኔን ሆድ፣ በመጨረሻም በበሩ በኩል ባዶውን የሱቅ መደርደሪያ አዩ።

«ልጆች፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጸሎታችን እኮ ተሰምቷል።»