የራሴን ኮመንት በቅሬ ፊት ሳነብ

ባለፈው እሁድ ከአስር ሶላት በኋላ... ስልኬን በእጄ ይዤ ስልሳ ምናምን ጎረቤት ፊት ቆምኩ። ፌስቡክ ላይ የጻፍኩትን ኮመንት በራሴ አፍ እንዳነብ ተፈርዶብኝ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከሰንበቴ ገበያ ወደ ከሚሴ ልመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ... «እነ እንትና ወገናችንን እንዲህ አደረጉት» የሚል። ደሜ ፈላ። የድሮ ይሁን የሌላ አገር ሳላጣራ ከሥሩ ጻፍኩ። የእነዚያን ብሔር ሰዎች አንድም ሳላስቀር «አቀንጭራ» አልኳቸው። ማሽላ ላይ ተጣብቆ የሚያደርቀውን አረም ማለቴ ነው። «ሳያብቡ ከሥራቸው መንቀል ነው» ብዬም ጨመርኩበት።

ከሚሴ ስደርስ ሦስት መቶ ላይክ ሆኗል። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ቪዲዮው የሌላ አገር መሆኑ ታወቀ። ኮመንቴን ግን አላጠፋሁትም... ላይኩ አሳሳኝ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እንግዲህ አያ ሑሴን ናቸው። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ፣ ጨፋ ላይ ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ። አባቴ ሲሞት ገላውን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከየትኛው ብሔር፣ እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ ግማሻችሁ ለእኔ ጥብቅና ትቆማላችሁ። ብቻ ያን ስጽፍ አያ ሑሴን ትዝም አላሉኝ። የታየኝ ሩቅ ያለ፣ መልኩን የማላውቀው ሰው ነበር።

ልጃቸው ኮመንቱን አየችው። ነገሩ ቅሬ ደረሰ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው እኛ ቅሬ የምንለው፤ የኛ ታዲያ የሞተ መቅበር ብቻ ሳይሆን የተጣላም ያስታርቃል። አንዳንዱ ለፖሊስ ይሰጥ ብሎ ነበር አሉ። የቅሬው ዳኛ ሸህ ኑሩ ግን መጀመሪያ እኛው እንየው አሉ።

የሰፈራችን ቅሬ አንድ ደንብ አለው። ሰው ተሰደብኩ ብሎ ሲከስ፣ ስድቡን ሸንጎው ላይ መናገር የሚችለው ሰዳቢው ራሱ ብቻ ነው፤ ያውም በተሰደበው ሰው ፊት። ሌላ ሰው ከደገመው እሱም እንደ ሰዳቢ ይቆጠራል። እኔ ሞኙ ይቺ ደንብ ታድነኛለች ብዬ ነበር። ማንም ካላነበበው ምን ብለው ይከሱኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ዱዓ ተደርጎ እንዳበቃ ተነሳሁና ስዘጋጅበት የሰነበትኩትን ንግግር ለቀቅኩት። ሕገ መንግሥት፣ ዴሞክራሲ፣ ምን ያላልኩት አለ... አንዳንዱ ለራሴም አልገባኝም። «ሀሳቤን ነው የገለጽኩት፤ ሀሳብን መግለጽ ደግሞ መብት ነው» ብዬ ደመደምኩ።

ሸህ ኑሩ አልተቆጡም።

«መብትህማ ነው፣ ማን ነካብህ» አሉኝ። «እዚያ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ገልጸኸዋል። እስቲ ለኛም ግለጽልን። ዱበዹ፣ ተናገር እንጂ።»

ስልኬን ከፈትኩ። አያ ሑሴን ፊት ለፊቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አባቴን ያጠበው እጅ ነው። ቃሉ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሏል... ለማንበብ ግን አልደፈርኩም።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ያነበብኩ መስዬ ሌላ ነገር ተናገርኩ። «አንዳንድ ሰዎች ጥፋት አለባቸው፣ ቢታረሙ መልካም ነው» አልኩ። ዓይኔን ከስልኩ ላይ ሳልነቅል፣ እንደ ዜና አንባቢ ቀስ ብዬ።

ግማሹ ሰው ኮመንቱን በዓይኑ አይቶታል፣ መዋሸቴን ያውቃል። ግን ማን ያርመኝ? የሚያርመኝ ሰው ስድቡን ሊደግመው ነው። ሸህ ኑሩ አዩኝና ወደ አያ ሑሴን ዞሩ። አያ ሑሴን ማንበብ አይችሉም።

«አፉ ብያለሁ» አሉ።

ይቅር ተባልኩ። ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ተበተነ። እኔ ደግሞ ማፈር ሲገባኝ ተገላገልኩ ብዬ እፎይ አልኩ።

ወደ ቤት ስሄድ አያ ሑሴን ከኋላዬ መጥተው ደረሱብኝ። ትንሽ ጎን ለጎን ሄድን። ዝናቡ ዘንድሮ እንደዘገየ አጫወቱኝ። በራቸው ላይ ስንደርስ ቆሙ።

«ልጄ አንብባልኛለች» አሉኝ። «ሦስቴ አስነብቤያታለሁ። አቀንጭራ ምን እንደሚደረግ ደሞ እኔ አላጣውም። ነቅለህ ታቃጥለዋለህ።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ታዲያ ለምን አፉ አሉኝ ብዬ እንደምንም ጠየቅኳቸው።

«ያነበብከውን ነዋ አፉ ያልኩህ። የጻፍከውን ገና መች ነገርከኝ።»

ገቡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ኮመንቱን ያኔውኑ አጠፋሁት። ሰው ሼር ያደረገው ግን አሁንም ይዞራል። ይሄን የምጽፈው ላይክ ላደረጋችሁልኝ ሦስት መቶ ሰዎች ነው... ካፈርኩት ትንሽ ተካፈሉኝ ብዬ። አፍሬያለሁ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ይኸው አሁንም ለእናንተ መጻፉ ነው የቀለለኝ።

የመናገር መብቴን እስካሁን ማንም አልነካብኝም። የአያ ሑሴንን በር ሳላንኳኳ ግን ዛሬ ስድስት ቀኔ ነው።