ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ጌሙ ይንቀራፈፋል። የማያስፈልገውን ሁሉ ላጥፋለት?» አለኝ። የምወደው ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። «የማያስፈልገውን ሁሉ» የምትለዋን ነገር መጀመሪያ የሰማኋት ጭሮ ከተማ ነው፣ ኢንጂነር ነኝ ከሚል ሰው አፍ።

ቢኒ ይባላል። ድሬዳዋ ሦስት ወር ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ ስሙ ላይ «ኢንጂነር» ለጥፎ መጣ። እኔ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ በነበረ የጽሕፈት ሱቅ ማመልከቻ የምተይብ ጎረምሳ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ሲሰበሰብ ሱቁ የእኔ ይሆናል፤ የኳስ ጨዋታዬን እከፍታለሁ። ጨዋታ ከተባለ ነው እንጂ! አጥቂዬ ጎሉ ፊት ደርሶ ድርቅ ይላል፤ ሲነቃ ኳሷ የለችም። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። በዚህ የሚንገበገብ ሰው ምን ዓይነት ሥራ ፈት እንደሆነ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ የሰኔ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ቢኒ ጉንጩን ወጥሮ ገባ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእሱ ነው።

«ሜ፣ እስቲ ተነሳልኝ» ብሎ ወንበሬን ያዘ።

መጀመሪያ የተጫዋቾቹን ጥላ አጠፋ። ቀጥሎ ተመልካቹን አጠፋና ስታዲየሙ ባዶ ቀረ። የምስሉን ጥራት ሲያወርደው ተጫዋቾቹ ፊት አልነበራቸውም። የቫይረስ መከላከያውንም ዘጋ። ጨዋታው እንደ ነፋስ ፈጠነ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? «አሁን ደግሞ የማያስፈልገውን ሁሉ እናራግፍ» አለና ስማቸውን የማያውቃቸውን ፋይሎች እየመረጠ ደመሰሰ። እኔ ጅሉ አጨበጨብኩለት።

ካራገፋቸው መካከል የአማርኛ ፊደሎቹ ነበሩ። በዚያን ጊዜ እነሱ ከሌሉ አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው።

በዚያው ቀን ጠዋት ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ደብዳቤ አስጽፈውኝ ነበር። በእጃቸው መጻፍ ትተዋል። ደብዳቤው ናዝሬት ላለው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ በእናታቸው ሐዘን ላይ በወጣች አንዲት ክፉ ቃል ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል። አንዷን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል፦ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ፣ የሚወስደው ሾፌር ሊነሳ ነው ብለው ሲመጡ ሁለት ለዜሮ እየመራሁ ነበር። ፋይሉን እንኳ ሳልከፍት እንዲታተም አዘዝኩ፤ ወረቀቱን ሳላየው አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።

«አሳምረህ አሽግልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አሳምሬ አሸግኩት።

በሳምንቱ ደብዳቤው በዚያው ሾፌር ተመለሰ። ወንድምየው የላቲኑን ፊደል ሲያይ ቁቤ፣ ማለትም የኦሮምኛው ጽሕፈት፣ መስሎት ኖሯል። ጀርባው ላይ «ቁቤ እንደማላነብ እያወቅህ ትቀልድብኛለህ?» ብሎ ጽፎበታል። የሚያውቅ ሰው ቢያስነብብ ኦሮምኛም እንዳልሆነ በነገረው ነበር፤ ኩራት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

«ምንድነው ይሄ፣ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

«መብራት ነው፣ ጋሼ። ሄድ መጣ ሲል ማሽኑ ይሳሳታል።»

ወረቀቱን ገለበጡት። «ታዲያ ወንድሜን ‹መብራት ነው› ልበለው?»

ፊደሎቹን ከሌላ ሱቅ አስገልብጬ እንደገና ላትምላቸው ብል አልፈለጉም። «አሁን ቢደርሰውም የእኔ ቃል አይመስለውም» አሉ። ከደብዳቤው ሥር ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በአንድ መስመር ብጽፍ ወንድምየው ያምን ነበር። ሥራዬን ፈርቼ፣ ዋናው ግን ደብዳቤያቸውን መናቄን ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሽ ወርቁ አረፉ። ወንድምየው ለቀብሩ መጥቶ ከሰው ኋላ ብቻውን ቆሞ አየሁት። የእድሩን ወንበር ተሸክሜ ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አለፍኩ። ቢኒን የናቅሁትን ያህል ራሴን መናቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። እሱ ቢያንስ የሚያጠፋውን አያውቅም ነበር።

እሑድ ዕለት የእህቴ ልጅ ጥላውንም ተመልካቹንም አጥፍቶ ፊደሎቹ ዘንድ ሲደርስ እጁን ያዝኩት። ደነገጠ።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«አንተ ምንም አላጠፋህም» አልኩት። የቀረችውን ዓረፍተ ነገር ግን ያን ዕለትም አላልኳትም።