የግራጫዋ መኪና ሙቅ ማደሪያ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ መኪና ዘይት እቀባለሁ እላለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጋራዡን ብቻዬን ይዣለሁ። በየዓመቱ፣ በረዶው ሳይመጣ፣ የመንደሩን መኪና በተራ በተራ ማንሻው ላይ አወጣና ከሥሩ ቆሜ ወደ ላይ ዘይት እረጫለሁ። ግማሹ ለመኪናው፣ ግማሹ ለእኔ ፀጉር ነው። ትከሻዬ ከጥቅም ውጪ ሆኗል። እዚህ ግማሹን ዓመት በረዶ በሚሸፍነው በአቢቲቢ ግን ሳይቀባ በረዶ ውስጥ የገባ መኪና በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ተበልቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሥራው አያልቅም፣ የማልቀው እኔ ነኝ።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ኦቪላ ቴሪየን ነበር። ቤታችን ፊት ለፊት ነው። ሌላው ሰው የመጀመሪያውን ውርጭ አይቶ ሲሯሯጥ፣ ኦቪላ ቅጠሉ ገና ሳይረግፍ ግራጫዋን መኪናውን ይዞ ደጄ ላይ ይቆማል። የሚያስቀው ነገር፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጨው መኪና ሹፌር ነበር። በረዶ መንገዱን ባለበሰ ቁጥር ከአልጋው ተነስቶ እስከ ሩዋን ከተማ ድረስ ጨው እየበተነ የሚሄደው እሱ ነበር።

«ይቺን ዝገት ዘርተሃት ስታበቃ ነይ አርሚልኝ ትለኛለህ» እለው ነበር።

«ጊስሌን፣ ዘይትሽን ርጪ» ይለኛል። «እኔ ጨው ባልበትን ኖሮ ማን ደንበኛ ይሆንሽ ነበር?»

ቀብቼ ስጨርስለት ቀጥታ ቤቱ አይገባም። ድሮ አባቶቻችን እንደሚያደርጉት ወደ ፒስታው መንገድ ይወጣና አቧራው ውስጥ ይነዳታል፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ተለጥፎ እንዲደርቅ ነው። ሲመለስ ሚስቱ ፍሎሬት ካርቶን ታነጥፋለች፤ ዘይቱ ለቀናት ይንጠባጠባላ። «አምሮብሃል ሽማግሌው» ትለዋለች። «ከዱቄት ወፍጮ የወጣህ ትመስላለህ።»

ፍሎሬት ኩላሊቷ እምቢ ካለ ወዲህ ለእጥበት ሩዋን ሆስፒታል ትመላለስ ነበር። ከማሽኑ ስትነሳ ብርድ አጥንቷ ውስጥ ይገባል፤ እቤት ደርሳ፣ ሾርባ ጠጥታም ቶሎ አይለቃትም። ኦቪላ ለዚህ ብሎ ከቤቱ ጋር የተያያዘ የመኪና ማደሪያ በገዛ እጁ ሠራ። ማሞቂያ አስገባበት፣ ከወጥ ቤቱ በር ከፈተበት። ፍሎሬት ጠዋት በቤት ጫማዋ ብቅ ብላ የሞቀ የመኪና ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ማታ መኪናዋ ከነጨዋ፣ ከነበረዶዋ ትመለስና ሙቀቱ ውስጥ ታድራለች።

ችግሩም ይኸው ነው። ጨው በብርድ ይተኛል። ውጪ ባደረ መኪና ላይ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል እንጂ ብዙም አይጎዳም። ሙቀት ሲያገኝ ግን ይቀልጥና ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን ሲበላ ያድራል። ኦቪላ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ለእኔ ራሱ መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው።

አምና ቅጠሉ ገና ሳይረግፍ እንደ ልማዱ መጣ። ማንሻው ላይ አወጣኋትና የሥሯን ብረት፣ ሻንሲዋን፣ በካቻቢቴ መታ መታ ሳደርግ ካቻቢቴው ዘልቆ ገባ። ኦቪላ አጠገቤ ቆሟል።

«ውጪ ካሳደርካት ገና ብዙ ትሄዳለች» አልኩት። «እዚያ ሙቀት ውስጥ ካሳደርካት ግን መንገድ ላይ ለሁለት ነው የምትሰበርብህ።»

«ፍሎሬትስ?»

«ብርድ ልብስ ትደርባ።»

«ከማሽኑ ስትነሳ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

አላየኋትም። «እንግዲያው ሌላ መኪና ግዛ» አልኩት።

«በምኔ?» አለኝ። «ይልቅ ርጪ።»

መኪናዋ ከሌለች የሚቀረው ሆስፒታል የሚያመላልሰው የበጎ ፈቃደኞቹ መኪና ነው። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፣ ስለ እሱ ክፉ አይወጣኝም። ግን በየመንደሩ እየቆመ በሽተኛ ሰብስቦ ነው የሚሄደው። ሲመለሱ ደግሞ የመጨረሻው ሰው እስኪጨርስ ሌሎቹ ኮሪደር ላይ እየተንቀጠቀጡ ይጠብቃሉ። ኦቪላ ፍሎሬትን እዚያ ኮሪደር ላይ ላያስቀምጥ ምሎ ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ላድን አለ። ከሩዋን በተመለሱ ቁጥር ፍሎሬትን ያስተኛና፣ በበጋ ሣር የምናጠጣበትን እየዞረ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ከመኪናዋ ሥር ያስገባል። ቱቦውን ከወጥ ቤቱ ሙቅ ውሃ ጋር አገናኝቶ ከሥር ያጥባታል። ከዚያ ውሃውን በመጥረጊያ ወደ ውጪ ይገፋል። ደጁ ላይ ወዲያው በረዶ ይሆንበታል፤ ያንን ደግሞ በአካፋ ይፈነቅላል። ጉልበቱን ያመዋል። በመስኮቴ አየው ነበር፤ አካፋውን ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስብና እንደገና ይጀምራል። ሄጄ አካፋውን ልቀማው እልና ትከሻዬ ትዝ ይለኛል። ሁለት ያለቀልን ሰዎች፣ አንዱ ሲሠራ አንዷ ስታይ።

አንድ እሁድ የአተር ሾርባ ይዤ ፍሎሬት ጋ ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው።

«ሽማግሌው እኔንም መኪናዋንም ሲያሳጥብ ሊሞት ነው» አለችኝ እየሳቀች። «ከሦስታችን ማን እንደሚቀድም እንወራረድ?»

«ዝም በይ አንቺ! ሾርባሽን ጠጪ።»

«የምሬን ነው፣ ጊስሌን። ውጪ አሳድራት በይው። እኔን አይሰማኝም።»

«እኔንስ መቼ ሰማኝ? ግግም ያለ ሰው ነው ያገባሽው።»

«አውቄ ነው ያገባሁት» አለች።

ጥር ላይ አንድ ማታ ፍሎሬት አሸነፈችው። መኪናዋ ደጅ አደረች። ጠዋት ኦቪላ ቀድሞ ሞተሩን አስነስቶ ቢያሞቅላትም፣ በእኛ የጥር ብርድ ወንበሩ እንጨት እንደሆነ ነው የሚቆየው። ፍሎሬት ምንም እንዳልመሰላት ለማሳየት እየዘፈነች ገባች፤ ድምጿ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ማታ ሲመለሱ ግን ኦቪላ የማደሪያውን በር ከፍቶ መኪናዋን አስገባት። በማግስቱ ምነው አልኩት።

«መንገዱን ሙሉ ስትዘፍን ነበር» አለኝ። «ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ሁለተኛ አላነሳሁበትም።

በየካቲት ሻንሲዋ ላይ ብረት ለጥፌ በየድኩለት። የዛገ ብረት ብየዳ አይዝም፤ የያዘልኝን ያህል ነው የሠራሁት። «በዚህ አያያዝ እስከ ፋሲካ ካደረሰቻችሁ እግዜርን አመስግን» አልኩት።

«ፋሲካ ከደረሰማ ብርዱ ይለቃታል» አለኝ። ስለ መኪናዋ አልነበረም የሚያወራው።

መጋቢት ውስጥ፣ ፋሲካ ገና ሳይደርስ፣ በረዶ ሲጥል አደረ። ጠዋት መጋረጃዬን ስገልጥ ግራጫዋ መኪና ደጅ ቆማለች። ጣራዋ ላይ በረዶ ተከምሯል፤ እዚያው ነው ያደረችው። የማደሪያው በር ዝግ ነው፣ ከማሞቂያው ጭስ ማውጫ ምንም አይወጣም። የደወለልኝ ሰው የለም። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ኮቴን ደርቤ ተሻገርኩ። ኦቪላ መጥረጊያ ይዞ ከቤት ወጣ። ጢሙን አልተላጨም።

«ትናንት ነው» አለኝ። «እዚያው ሆስፒታል። ብቻዬን ነድቼ መጣሁ።»

አቀፍኩት። አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ መኪናዋን ያያል።

«ውጪ አሳደርኳት» አለ። «እንዳልሽው።»

«አየሁ።»

«አሁን ትቆያለች፣ አይደል?»

«ትቆያለች፣ ኦቪላ» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ዝገቱ ብርድ ላይ ይተኛል፣ ከእንግዲህም ሩዋን የሚያመላልሳት ነገር የለም።

ራሱን ነቀነቀ። መጥረጊያውን አነሳና ከመኪናዋ ላይ በረዶውን መጥረግ ጀመረ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ የጠረገው ፍሎሬት በምትቀመጥበት በኩል ያለውን መስኮት ነበር።